ዐለቱና ዋልካው

በጎንደር ከተማ የፋሲል ግንብ ከቆመበት ደልዳላ ኮረብታ ላይ ሆኖ በምሥራቅ የአንገረብን፣ በምዕራብ የቀሃን ሸለቆ የተመለከተ፣ ቀጥሎም ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ ምድሪቱ ቀስ በቀስ እየተንጣለለች ወደ አዘዞ፣ ከአዘዞም ወደ ደንቢያ ሜዳና ወደ ጣና ስትወርድ ያየ ሰው፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ይህን ስፍራ ለመናገሻነት በመረጡ ጊዜ የውሃውንና የእንጨቱን ቅርበት፣ የጠላትንም መምጫ ብቻ ሳይሆን የሕንፃውን ክብደት የሚሸከመውን ምድር ጭምር የመረመረ ዓይን በአጠገባቸው ሳይኖር አልቀረም ብሎ ያስባል። ንጉሡ በልባቸው የመከሩትን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ ሥራቸው ግን ጦርነትና ቃጠሎ፣ ክረምትና በጋ እየተፈራረቁበት፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት እስከ ዛሬ ቆሟል። የግንቡ ድንጋይና ከግርጌው ያለው ዐለት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከከርሠ ምድር ገንፍሎ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ የሰሜኑን ደጋ ያለበሰው ቅልጥ ዐለት በቀዘቀዘ ጊዜ የተገኙ ናቸው። በዐለቱ ላይ ዐለት ተደረበ፣ መካከሉም በኖራ ተያያዘ፤ ሕንፃውና መሠረቱ አንድ አካል ሆኑ።

ከተማይቱ ግን ከኮረብታዋ ከወረደች ቆይታለች። ሕዝቡ በዝቶ ቦታው ጠብቦ፣ አዲሱ ሰፈር ሁሉ የሚዘረጋው የዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰጠው የአውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ወደ አዘዞ ሜዳ ነው፤ ያ ሜዳ ደግሞ በአመዛኙ ዋልካ ነው። በግንቦት በዚያ ያለፈ ሰው ምድሩ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ተፈልቅቆ፣ ክንድን እስከ ክርን የሚውጥ ንቃቃት አፉን ከፍቶ ያገኘዋል፤ በነሐሴ ተመልሶ ቢመጣ ያ ንቃቃት የት እንደ ገባ አያውቅም፤ ይልቁንም ጫማውን ከእግሩ የሚያስቀር፣ የጋሪ መንኮራኩርን አላንቀሳቅስ የሚል ጭቃ ይቀበለዋል። በዚሁ ምድር ላይ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ ተበድሮም፣ በውጭ አገር ያለው ልጁ ልኮለትም፣ የብሎኬት ቤት ይሠራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ወለሉ ከመካከሉ ያብጣል። የዚያን ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግንበኛው ሲሚንቶ ቀንሶ ነው፣ ብረቱ ቀጥኖ ነው፣ እያለ ይፈርዳል። ግንበኛው የሚያጠፋበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከግንበኛው እጅ በታች፣ ማንም ሳይመረምረው በተሸፈነው አፈር ውስጥ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተገኘ ያስተምሩ ነበር። ዋልካን ያየ ሰው የሁለቱን ባሕርያት፣ የመሬትንና የውሃን፣ ጠብና ዕርቅ በዓይኑ ያያል። ዋልካ የሚገኘው ያ ግንቡ የቆመበት ጥቁር ዐለት በሜዳማና ውሃ በማይፈስበት ስፍራ ለረጅም ዘመን እየበሰበሰ ሲደቅ ነው። የሚወጣው ሸክላ በዓይን የማይታዩ እጅግ ስስ ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡበት ሆኖ፣ ውሃ ባገኘ ጊዜ ውሃውን በገጾቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፤ በደረቀ ጊዜ ያንኑ ውሃ ሰጥቶ ይኮማተራል። የአፈር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን አፈር ቨርቲሶል ይሉታል፤ በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ምድር እንደ ሸፈነ ይቆጠራል፤ ከዚህም የሚበዛው በደጋው ነው። በሕንድ አገር በደካን አምባ ላይ ከእኛው ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ዐለት የወጣ ተመሳሳይ ጥቁር አፈር አለ፤ ጥጥ የሚበቅልበት ስለ ሆነ መሐንዲሶች የጥጥ አፈር ብለው ሰየሙት፤ የእኛም መሐንዲሶች ያንኑ ስም ተቀብለው ይጠሩታል። ዋልካ የሚለው ያባቶቻችን ቃል ግን ከዚህ ስም ቀድሞ ነበረ።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ምሥጢር አለ። ሰው፣ እኔ ፎቅ አልሠራሁም፣ የኔ ቤት ባለ አንድ ወለል ቀላል ቤት ነውና አፈሩ ምን ያደርገኛል፣ ይላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ያበጠ ዋልካ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከቀላል ቤት ክብደት ስለሚበልጥ፣ ቤቱን እንደ ክዳን ያነሣዋል፤ ከባዱ ሕንፃ በክብደቱ ይጫነዋል፣ መሠረቱም ጠልቆ ስለሚወርድ ይድናል። ይህም ማንሣት በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ ከቤቱ በታች ያለው አፈር ከዝናብና ከፀሐይ ተጠብቆ በአንድ ሁኔታ ሲኖር፣ በዳርቻው ያለው በየክረምቱ ያብጣል፣ በየበጋው ይኮማተራል፤ ግድግዳው የሚሰነጠቀው ከዚህ አለመስማማት የተነሣ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ሲከፍል ባለ አንድ ወለሉን አነስተኛ ቤት በምድብ ሀ አድርጎታል። በተግባር የአፈር ምርመራ የሚታሰበው ፎቅ ሲታሰብ ነው። እኔ በበኩሌ ሥርዐቱ ትልቁን ሲጠብቅ ትንሹን ረስቶታል እላለሁ፤ ዋልካ የሚበረታው በትንሹ ላይ ነውና።

ይህ ሁሉ ለአገሩ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በወለቃ መንደር ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ትውልድ ይህን ጥበብ ይዘው ኖረዋል፤ የትኛው ጭቃ በእሳት እንደሚጸና፣ የትኛው ገና በጥላ ሳለ እንደሚፈነዳ፣ በየትኛውስ ላይ ምን ያህል አሸዋማ አፈር ወይም የተፈጨ ገል መጨመር እንደሚገባ በጣታቸው ያውቁ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን በመዳፏ እያንከባለለች እንደ ገመድ አቅጥና ይበጠስ እንደ ሆነ ታያለች፤ አልበርት አተርበርግ የተባለው የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1911 ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት የሸክላ አፈር መለኪያ፣ አፈሩን እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንከባሎ በየትኛው እርጥበት እንደሚፈረካከስ ማየት ነው። የሠለጠነው ዓለም መሐንዲስና የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ በአንድ እጅ ይመረምራሉ፤ ልዩነቱ መሐንዲሱ መዝግቦ በቁጥር ማስቀመጡ ነው።

ቤታቸውን የሚመርጉ እናቶችም እንዲሁ ናቸው። በአዘዞ በኩል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የኩሽናቸውን ግድግዳ ሲመርጉ አግኝቼ፣ «እማማ፣ ጭዱን ይህን ያህል ለምን ያበዙታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ልጄ፣ ይህ አፈር ሲደርቅ ይጣላል፤ ጭዱ ነው ገላግሎ የሚይዘው» አሉኝ። የጥንቱ የእንጨትና የጭቃ ቤት በዋልካ ላይ የኖረበትም ምክንያት ይኸው ነው። ማገሩና ወራጁ በልጥ ወይም በጠፍር ስለ ታሰረ ምድሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ የተላቀቀውን ደግሞ ባለቤቱ በመስከረም ጭቃ አቡክቶ ይደፍነዋል። ብሎኬትና ሲሚንቶ ግን መታጠፍን አያውቁም፤ ወይ ይቆማሉ ወይ ይሰነጠቃሉ። ቤቱን ስንለውጥ መሠረቱን አብረን መለወጥ ይገባን ነበር፤ እኛ ግን የድሮውን ጥልቀት በአዲሱ ግድግዳ ሥር አስቀመጥነው።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። ተማሪው በመጀመሪያ ንባቡን ያጠናል፣ ከዚያም የቃሉን ምሥጢር አንድም፣ አንድም እያለ ከመምህሩ እግር ሥር ይማራል፤ ንባብን ብቻ ይዞ ተርጓሚ ነኝ የሚል የለም። ምድርም ንባብና ትርጓሜ አላት፤ ንባቧ ገጿ ነው፣ ትርጓሜዋ ግን ከውስጧ ነው። ከገጿ ብቻ ተነሥቶ የሚፈርድ እንዴት እንደሚሳሳት የሰሜን ተራሮች አፈር ያስረዳል። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሰሜን አምባዎች የወጣ ሰው በዚያም አፈሩን ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህ ጥቁረት ግን በብርድ ሳይበሰብስ ለብዙ ዘመን ከተጠራቀመ የሣርና የቅጠል ቅሪት የመጣ ስለ ሆነ አፈሩ ለእጅ ቀላል፣ ለውሃ ክፍት፣ በአየር የተሞላ ነው፤ ከደንቢያው ዋልካ ጋር ከቀለሙ በቀር የሚገናኝበት ጠባይ የለውም። ቀለም አይቶ ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ፣ በአንዱ ላይ የሚሆነውን በሌላው ላይ አድርጎ ይከስራል። የደጋው አፈር ጠላቱ ሌላ ነው፤ ተዳፋት ላይ ስላለ ሽፋኑ በተነሣ ጊዜ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። የጎንደርን ሕዝብ ውሃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ከበላዩ ካለው ተዳፋት የተነሣ መሆኑን የማያውቅ የከተማው ሰው ጥቂት ነው።

በተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ቦታውን ለማስተካከል ከላይኛው በኩል ቆርጦ የቆረጠውን አፈር ወደ ታችኛው ይሞላል፤ ቤቱም እኩሌታው በጽኑ ዐለት ላይ፣ እኩሌታው በልል ሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ በየስስ ንጣፉ እየራሰ ካልተጠቀጠቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይረጋል፤ ቤቱም ልክ ከመካከሉ፣ ቁርጡና ሙሌቱ በተገናኙበት ላይ፣ ይከፈላል። ይህም ቢሆን ቀላሉ ጉዳት ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ዞን በጠለምት ወረዳ፣ ከዚያም ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ በሐምሌ በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ፣ በዝናብ የጠገበ ተዳፋት ተንሸራቶ ሰውን ከነቤቱ ቀብሯል። ከገደል ሥር የሚኖር ሰው በክረምት ከአጥሩ በላይ አዲስ ንቃቃት፣ የዘመመ ዛፍ፣ ወይም ባልነበረበት የፈለቀ ውሃ ቢያይ፣ ሳያድር ቤተ ሰቡን ያውጣ፤ ቀጥሎም ለቀበሌው ይንገር።

እንግዲህ ትርጓሜው እንዴት ይገኛል? መጀመሪያው መምህር ጉድጓድ ነው። ቦታ የያዘ ሰው መሠረት ከማውጣቱ አስቀድሞ በቦታው ሁለት ወይም ሦስት ስፍራ ላይ ከቁመቱ የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስቆፍር፣ ጠርዙም እንዳይናድበት ይጠንቀቅ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቢያነብ ስንት ዓይነት አፈር እንደ ተደራረበ፣ ዋልካው ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ከሥሩ ጠጠር ወይም ዐለት ይኑር አይኑር ያያል። ከየንጣፉ እፍኝ ያህል ወስዶ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ቢያስቀምጠው፣ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ በጥቂት ሰዓት ይከተላል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል፤ የሦስቱን ውፍረት በጣት መለካት ይቻላል። ጉድጓዱን ደግሞ በበጋ ብቻ ሳይሆን በነሐሴ ማየት ይገባል፤ በየካቲት ደርቆ ያየነው ጉድጓድ በክረምት እስከ ወገብ ውሃ ሲቋጥር፣ የከርሠ ምድር ውሃው እስከ የት እንደሚወጣ ይናገራልና።

ዋልካው ስስ ሆኖ ዐለቱ ቅርብ ከሆነ መድኃኒቱ ግልጽ ነው፤ ዋልካውን ጥሶ መሠረቱን በዐለቱ ላይ ማሳረፍ። በዐለትና በአሸዋ ላይ ስለ ሠሩት ሁለት ሰዎች በወንጌል የሰማነውን እዚህ ቃል በቃል መፈጸም ይቻላል። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ግን ከቤቱ ሥርና ከዙሪያው ተጠርጎ ወጥቶ፣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር እየተጠቀጠቀ መተካት አለበት፤ በዚህ ጊዜ ውሃ የሚያሳልፍ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሞላ ሰው በሸክላ መካከል ገንዳ እንደ ቆፈረ ይቁጠር፤ የክረምቱ ውሃ ገብቶ መውጫ ያጣልና። ከሁሉ በላይ ውሃን ከመሠረቱ ማራቅ ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም በጎንደር የሚዘንበው ዝናብ ከዓመቱ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነው ውስጥ አብዛኛውን ስለሚይዝ፣ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ያን ሁሉ በግድግዳው ሥር ያፈሰዋል። አሸንዳና በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ከሚደረገው ጥገና ሁሉ ይረክሳሉ። ባሕር ዛፍም ከቤቱ ቢያንስ በቁመቱ ልክ ይራቅ፤ ሥሩ የዋልካውን ውሃ በበጋ መጥጦ አንዱን ማዕዘን ያሰምጠዋል።

ወደ ሽንት ቤቱ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለመሠረት ያመሰገንነው ዐለት ለማስረጊያ ጉድጓድ ክፉ ነው። ጽኑ ዐለት ፍሳሹን አያሰርግም፤ የተሰነጣጠቀ ዐለት ደግሞ ሳያጣራ በስንጥቁ አሳልፎ ከታች ወዳለው ምንጭ ያደርሰዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መመሪያ መሠረት አንድ ካሬ ሜትር የጉድጓድ ግድግዳ በቀን የሚያሰርገው ፍሳሽ በሻካራ ወይም በመካከለኛ አሸዋ 50 ሊትር፣ በመካከለኛ ልም አፈር 25 ሊትር፣ በጠጣርና በማያብጥ ሸክላ 10 ሊትር ነው፤ በሚያብጠው ሸክላ፣ ማለት በዋልካ፣ ከ10ም ያነሰ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እያንዳንዱ 50 ሊትር ውሃ ቢጠቀም በቀን 250 ሊትር ይፈሳል፤ ይህን ለማስረግ በአሸዋ 5 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሲበቃው በልሙ አፈር 10፣ በዋልካ ግን ከ25 በላይ ያስፈልገዋል። ጎኑ በየአቅጣጫው ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የሆነ ጉድጓድ ያለው ግድግዳ 18 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በዋልካ ሰፈር የፍሳሽ ማንሻ መኪና ከአንድ በር ሳይጠፋ የሚታየው፣ በክረምትም ፍሳሹ ወደ መንገድ የሚወጣው ስለዚህ ነው።

እዚህም ላይ የዋልካን ማታለል ማወቅ ያሻል። በበጋ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ አፍስሶ የሚፈትን ሰው ንቃቃቱ ውሃውን ሲጠጣ አይቶ ይደሰታል፤ ሸክላው ጠግቦ ንቃቃቱ በተዘጋ ጊዜ ግን መጠጣቱ ያቆማል። ስለዚህ ጉድጓዱ አስቀድሞ አንድ ቀንና ሌሊት በውሃ ተሞልቶ ይራስ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ተሞልቶ ውሃው በሰዓት ስንት ጣት እንደሚጎድል ይለካ። ሽንት ቤቱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከእርሱም ቁልቁል ሆኖ፣ ወለሉ ክረምት ከሚደርስበት የከርሠ ምድር ውሃ በ1.5 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህን ትምህርት ለኢትዮጵያ ያሰራጨችው ጎንደር ራሷ መሆኗን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ፣ የውሃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ቦታ አመራረጥን በየአውራጃው እንዲያስተምሩ ልኳል።

የጓሮ አትክልቱን በአጭሩ ላሳልፈው። ዋልካ ለቤትና ለጉድጓድ ቢከፋም ለእህል ባለጸጋ ነው፤ ነጭ ጤፍ ይወደዋል፤ የደንቢያ ገበሬ በክረምት የጠጣውን ውሃ ቆጥቦ ሽምብራውንና ጓያውን ዝናቡ ሲያበቃ ይዘራበታል። ጎመንና ቃሪያ በክረምት የሚተክል ግን መደቡን ከፍ አድርጎ በመካከሉ ቦይ ያውጣ፤ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ገበሬዎች ይህን መደብ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። እርጥብ ዋልካን በዶማ መነካካት ጓልን ማበርከት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ይኮመጥጣል፤ የኮምጣጣነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥርን ያደርቃል፤ ባቄላና ገብስ ማዳበሪያ እየተጨመረላቸው የሚቀጭጩት በዚህ ነው። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይኮመጥጥምና፣ ጎረቤቴ ኖራ ጨመረ ብሎ ሳያስመረምር የሚጨምር ገንዘቡን ይበትናል።

ለጎንደር ማዘጋጃ ቤትና ለየወረዳው የመሬት አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ። ለዜጋ ቦታ ሲሰጥ ካርታው ስፋቱንና አዋሳኙን ይናገራል፤ የአፈሩን ዓይነት፣ የዋልካውን ጥልቀትና የክረምቱን የውሃ ልክ ግን አይናገርም። አንድ ሰፈር ከመከፈሉ አስቀድሞ በየብሎኩ ጥቂት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በከተማይቱ ያሉት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እንዲመረምሩት አድርጎ፣ ውጤቱን በካርታው ጀርባ መጻፍ ከመንገድ ጠረጋው ወጪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ቦታ አግኝተህ በጥቅምት መሠረት ልታወጣ ካሰብህ፣ ጉድጓድህን አሁን ቆፍር፤ በነሐሴ ሄደህ ውሃው የት እንደ ደረሰ ተመልከት።